ስለ አዩትያ ከተማ ጥፋትና ፍርስራሿን በአንድ ቀን ስለ መጐብኘት

ዛሬ ታይላንድ የሚባለው አገር እስከ 1939 ድረስ ሲያም ይባል ነበር። የዛሬው ዋና ከተማው ባንኮክ የተቆረቆረው በ1782 ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የሲያም ነገሥታት 417 ዓመት ያህል የተቀመጡባት አዩትያ የምትባል ከተማ ነበረች። ይህችም ከባንኮክ በስተ ሰሜን በባቡር መንገድ 71 ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።) ከ1351 እስከ 1767 ድረስ 33 ነገሥታት ተፈራርቀውባታል። ዛሬም ሰው ይኖርባታል፥ ገበያም ይቆምባታል፤ ነገር ግን ዓለም ስሟን የሚያውቀው በቆሙት ቤቶችዋ ሳይሆን በወደቁት ነው።

ወደ እርስዋ የሚሄደው መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ከባንኮክ ተነሥቶ ማታ የሚመለስ ነው። መንገዱ አያደክምም። የሲያም መንግሥት በ1896 የመጀመሪያውን የመንግሥት ምድር ባቡር ሥራ ከፍቶ ሲመርቅ ሐዲዱ የተዘረጋው ከባንኮክ እስከ አዩትያ ነበርና፥ ዛሬም በዚያው መስመር ባቡሩ በአንድ ሰዓት ተኩል ወይም በሁለት ሰዓት ያደርሳል። ጣቢያው ከከተማዪቱ ውጭ በምሥራቅ በኩል ነው፤ መንገደኛው ከዚያ ወደ ፓ ሳክ ወንዝ በእግሩ ወርዶ በትንሽ ጀልባ ይሻገራል፤ ከተሻገረም በኋላ ቢስክሌት ወይም ሦስት እግር ያላት ተሽከርካሪ ይከራያል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወራት አየሩ ለዘብ ያለ ነው፤ ከመጋቢት ጀምሮ ግን ፀሐዩ በጡብ ፍርስራሽ መካከል ለሚመላለስ ሰው ይከብዳል። ልብሱም ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ይሁን፤ ፍርስራሹን የአገሩ ሰዎች ዛሬም እንደ ተቀደሰ ቦታ ያከብሩታልና።

ችግሩ ከመንገዱ ሳይሆን ከቀኑ አከፋፈል ላይ ነው። ብዙ ሰው እንደ ደረሰ በዛፍ ሥር የተያዘውን የቡድሃ ራስ ለማየት ይሮጣል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ አንገታቸው የተቈረጠ ምስሎች ተደርድረው ሲያይም «ይህን ሁሉ በርማውያን በአንድ ቀን አጠፉት» ብሎ ይመለሳል። ይህ አነጋገር እውነት አለበት፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። አዩትያን ያጠፏት እጆች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል የገዛ ልጆችዋ እጅ አለበት። መንገደኛው ቀኑን በታሪኩ ተራ ቢያከፋፍለው ይህን በዓይኑ ሊያየው ይችላል።

አስቀድሞ የቦታውን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ቻኦ ፕራያ፥ ሎፕቡሪና ፓ ሳክ የሚባሉት ሦስት ወንዞች በዚህ ይገናኛሉ፤ በሰው እጅ የተቈፈረ ቦይም ተጨምሮባቸው ከተማዪቱን ደሴት አድርገዋታል። በ1351 ኡ ቶንግ የሚባለው መስፍን ራማቲቦዲ ተብሎ በዚህ በነገሠ ጊዜ ቦታውን የመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዙሪያው ሁሉ የሩዝ እርሻ ነው፤ መርከብ ከባሕር ተነሥቶ ወንዙን እየወጣ እስከ ቅጥሩ ድረስ ይደርሳል፤ በየዓመቱም ዝናሙ ሲበረታ ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ሁሉ ስለሚያጥለቀልቁት ከተማዪቱን የከበበ ጠላት ድንኳኑን ነቅሎ ከመሄድ በቀር ሌላ ዕድል አልነበረውም። ውሃው ለአዩትያ ከጡቡ ቅጥር የበለጠ ቅጥር ነበር። ይህን ነገር አንባቢ ያስታውሰው፤ የመጨረሻዋን ቀን የሚያስረዳው እርሱ ነውና።

የጠዋቱ ጕብኝት ከዋት ራቻቡራና ቢጀመር መልካም ነው። ዋት ማለት በአገሩ ቋንቋ ገዳም ማለት ነው። በ1424 ንጉሡ ኢንታራቻ በሞተ ጊዜ ሁለቱ ታላላቅ ልጆቹ ስለ ዙፋኑ ተጣልተው፥ በዝሆን ላይ ሆነው ከከተማው ድልድይ አጠገብ ገጠሙ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተገዳደሉ። ዙፋኑም ለሦስተኛው ልጅ ለቻኦ ሳም ፕራያ ደረሰ፤ እርሱም የወንድሞቹ ሬሳ በተቃጠለበት ስፍራ ይህን ገዳም አሠራ። እንግዲህ ከአዩትያ ታላላቅ ሕንፃዎች አንዱ የተመሠረተው በወንድማማች ደም ላይ ነው። በመካከሉ የበቈሎ እሸት የሚመስል ረዥም ግንብ ቆሟል፤ ይህን ዓይነቱን ፕራንግ ይሉታል። በሆዱም ውስጥ ወደ ታች የሚያወርድ ጠባብና ቀጥ ያለ ደረጃ አለ፤ በጓዳው ግድግዳ ላይ የደበዘዘ ጥንታዊ ሥዕል ይታያል።

ከዚህ ጓዳ የወጣው ነገር ታሪክ ያስደንቃል፤ ያሳፍራልም። የበርማ ሠራዊት በ1767 ከተማዪቱን ሲበረብር ይህን ጓዳ አላገኘውም። ወርቁ፥ ዘውዱ፥ በዕንቍ የተለበጠው ሰይፍ፥ የቡድሃ ምስሎቹም 500 ዓመት ያህል ተሰውረው ቆዩ። በ1957 ግን የአገሩ ሌቦች በሌሊት ቈፍረው ገቡና ሊሸከሙት የቻሉትን ያህል ወርቅ ይዘው ወጡ። ፖሊስ ከሌቦቹ አንዳንዶቹን ይዞ ከዕቃው ጥቂቱን አስመለሰ፤ የቀረው ቀልጦና ተሸጦ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የመንግሥቱ የኪነ ጥበብ መሥሪያ ቤት የተረፈውን በሥርዓት ቈፍሮ አወጣ፤ ለዚህም ማስቀመጫ በገዳሙ መሥራች ስም የቻኦ ሳም ፕራያ ቤተ መዘክር ተሠርቶ በ1961 ተከፈተ። መንገደኛው ከጓዳው ሲወጣ ወደዚህ ቤተ መዘክር ቢሄድ፥ ባዶውን ጓዳና ከጓዳው የተረፈውን ወርቅ በአንድ ጠዋት አስተያይቶ ሊፈርድ ይችላል። ጠላት ያላገኘውን ዘመድ እንዳገኘው እዚህ ይታወቃል።

ከራቻቡራና ፊት ለፊት ዋት ማሃታት አለ፤ በ1374 የተመሠረተ ነው። ያ ሁሉ ሰው የሚሮጥለት የቡድሃ ራስ ያለው በዚህ ነው። ራሱ ከድንጋይ የተጠረበ ሲሆን ከአካሉ ተለይቶ ከመሬት ወድቆ ሳለ የዋርካ ወገን የሆነ ዛፍ ሥሩን አሳድጎ አቀፈው። ፎቶግራፍ የሚያነሣም ሰው ራሱ ከቡድሃው ራስ በላይ እንዳይሆን ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ጠባቂዎቹ ያዙታል፤ ይህን ማክበር የጨዋ ሰው ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ከዛፉ ይልቅ በመካከሉ ያለው የጡብ ክምር ትምህርት አለው። ያ ክምር ታላቅ ግንብ ነበረ፤ አንድ ጊዜ በ17ኛው መቶ ዓመት ወድቆ በንጉሥ ፕራሳት ቶንግ ዘመን ከቀድሞው አስበልጠው ሠሩት። ከበርማ እሳትም ተርፎ ቆሞ ነበር፤ የወደቀው ገና በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ የሚደግፈው ሰው አጥቶ ነው። ቸል ማለትም እንደ ጦር ያፈርሳል።

ቀትር ሳይደርስ ወደ ምዕራብ አለፍ ብሎ ወደ ዋት ፕራ ሲ ሳንፔት መሄድ ነው። ይህ የነገሥታቱ የግል ቤተ መቅደስ ስለ ነበረ መነኮሳት አይኖሩበትም ነበር። ደወል የሚመስሉት ሦስት ግንቦች የነገሥታት ዐመድ ማረፊያ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ በ1492 ተሠሩ። በ1500 ደግሞ 16 ሜትር ቁመት ያለው የቆመ የቡድሃ ምስል ከነሐስ ቀልጦ ተሠርቶ በወርቅ ተለበጠ። ቤተ መንግሥቱ በስተ ሰሜን ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነበር፤ ዛሬ ከመሠረቱ በቀር ምንም አይታይም።

አሁን የጥፋቱን ታሪክ መናገር ይገባል። በርማና ሲያም ሁለቱም የቡድሃን ሃይማኖት የሚከተሉ ጎረቤቶች ሲሆኑ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምረው ሲዋጉ ኖረዋል። በ1569 አዩትያ አንድ ጊዜ ተይዛ ነበር፤ የአገሩ ዜና መዋዕል እንደሚለው በሩን የከፈተው የውስጥ ከሃዲ ነው። ንጉሡ ናሬሱዋን በ1584 ከበርማ ተገዥነት አወጣትና ከዚያ ወዲህ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከውጭ ጠላት አልተደፈረችም። በዚህ ጊዜ ሁሉ የንጉሥ ሞት በደረሰ ቍጥር አጎትና የወንድም ልጅ፥ ወንድምና ወንድም ስለ ዙፋኑ ይተራረዱ ነበር። ቅጥሩ ሳይነካ ከውስጥ ያለው ሰው አለቀ።

በ1758 ኡቱምፖን የሚባለው ልጅ ነገሠ፤ ጥቂት ወራት እንደ ቆየ ግን ታላቅ ወንድሙ ኤካታት ዙፋኑን ስለ ተመኘ ትቶለት መነኰሰ። በ1760 በርማውያን መጥተው ከተማዪቱን በከበቡ ጊዜ መኳንንቱና ሕዝቡ መነኵሴውን ንጉሥ ለምነው ከገዳም አወጡት፤ እርሱም ወጥቶ ጦሩን አሰናዳ። የበርማው ንጉሥ አላውንግፓያ ታሞ ሠራዊቱ ሲመለስ ኤካታት ወንድሙን እንደ ገና ጠረጠረው፤ ኡቱምፖንም ዳግመኛ ወደ ገዳሙ ገባ። ሁለተኛው ከበባ በ1766 መጀመሪያ በመጣ ጊዜ ሰዎች ቢለምኑትም አልወጣም።

የሲያም አለቆች ተስፋቸው ሁሉ በዝናሙ ላይ ነበር። ክረምቱ እስኪገባ ቅጥሩን ብንጠብቅ ውሃው ጠላቶቻችንን ያባርርልናል ብለው አሰቡ፤ አባቶቻቸው በዚህ ድነው ነበርና። የበርማው ንጉሥ ሲንብዩሺን የላካቸው ጦር መሪዎች ግን ዝናሙ ሲመጣ አልሄዱም። ዝሆኑንና ፈረሱን ወደ ከፍተኛ ስፍራ አወጡ፤ ግድብ ሠሩ፤ ጀልባ ሰበሰቡ፤ በየኮረብታውና ከቅጥሩ ውጭ ባሉት ገዳማት ሰፍረው ውሃው እስኪጐድል ጠበቁ። ውሃው ሲጐድል በከተማዪቱ ውስጥ ያለው ሕዝብ በረኃብ ደክሞ ነበር። ከቅጥሩ በታች ዋሻ ቈፍረው መሠረቱን በእሳት አፈረሱት፤ 14 ወር ከተከበበች በኋላም ሚያዝያ 7 ቀን 1767 ገቡ። ኤካታት ሲሸሽ ሞተ። መነኵሴው ኡቱምፖን ከብዙ ሺህ ምርኮኛ ጋር ወደ በርማ ተወሰደ፤ በዚያም ሲኖር በ1796 ዐረፈ። በዋት ፕራ ሲ ሳንፔት የነበረውን ያን ታላቅ ምስል ወርቁን ለማውጣት እሳት አነደዱበት።

ከወርቁ ይልቅ የሚያሳዝነው መጽሐፉ ነው። የአራት መቶ ዓመት ደብዳቤ፥ ሕግና ዜና መዋዕል ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተቃጠለ፤ ስለዚህ የአዩትያ ታሪክ የተጻፈው ብዙው በኋላ ዘመን በባንኮክ፥ ከትዝታና ከተረፈ ቅዳጅ ተሰብስቦ ነው። በ1680 በንጉሥ ናራይ ትእዛዝ የተጻፈ አንድ አጭር ዜና መዋዕል ግን ተረፈ። ይህም በ1907 ሉዋንግ ፕራሰርት የሚባል መኰንን ከአንድ ሰው ቤት አግኝቶ ለመንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት እስኪሰጥ ድረስ ማንም አያውቀውም ነበር፤ እንደሚነገረውም አንዲት አሮጊት አሮጌ ወረቀት ሰብስባ ልታቃጥል ስትል ደርሶባት ነው። ዛሬ የታሪክ ሊቃውንት የዘመን ቍጥር ሲያከራክራቸው ከሁሉ አስቀድመው የሚያምኑት ይህን መጽሐፍ ነው። በየደብሩ ዕቃ ቤት ብራና የሚጠብቅ ሰው የዚህን ነገር ክብደት ሳይነገረው ያውቀዋል።

በርማውያን በአዩትያ ብዙ አልቆዩም። በሰሜን በኩል የቻይና ጦር አገራቸውን ስለ ወጋ አብዛኛው ሠራዊት ፈጥኖ ተመለሰ። ከተማዪቱ ሳትያዝ ጥቂት ወራት ሲቀረው ከበባውን ጥሶ የወጣው ታክሲን በዚያው ዓመት መጨረሻ መልሶ ያዛት፤ ነገር ግን ፍርስራሽዋን አይቶ ልትጠገን እንደማትችል ስለ ተረዳ መንግሥቱን ወደ ባሕሩ አቅርቦ በቶንቡሪ አቆመ። ከእርሱ ቀጥሎ የነገሠው ራማ 1ኛ በ1782 ባንኮክን ሲቆረቍር ለአዲሱ ቅጥርና ለአዲሱ ቤተ መንግሥት ጡብ አስፈለገው። ጡቡንም ከአዩትያ ቅጥርና ከወደቁት ሕንፃዎች እያስፈረሰ በጀልባ አስወረደው። ከፈረሱት ከተሞች የቡድሃ ምስሎችን በብዙ መቶ እያስለቀመ በባንኮክ ገዳማት አኖረ፤ ወርቁ የቀለጠበትን ያን ታላቅ ምስል አካሉን አስመጥቶ በዋት ፖ ግንብ ውስጥ ቀበረው።

ይህን ሥራ እንደ ዘረፋ መቍጠር አይገባም። አዲስ ከተማ የሚሠራ፥ በርማ ገና በደጁ የቆመበት ንጉሥ ጡብ ሊያስቃጥል ጊዜ አልነበረውም፤ ደግሞም የአባቶቹን ከተማ በአዲስ ስፍራ ለማስነሣት ማሰቡ ነበር። ነገር ግን ወደ አዩትያ የሚሄድ ሰው የከተማውን ቅጥር ፈልጎ ሲያጣ ወዴት እንደ ሄደ ማወቅ አለበት። ቅጥሩ ጠዋት የተነሣበት ባንኮክ ነው።

ከዋት ፕራ ሲ ሳንፔት አጠገብ ፕራ ሞንግኮን ቦፒት የሚባል ታላቅ የተቀመጠ የነሐስ ቡድሃ በአዲስ አዳራሽ ውስጥ ይታያል። በ1767 ጣሪያው ተቃጥሎ ምስሉን ሰብሮት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ፀሐይና ዝናም ሲወርድበት ኖረ። የአሁኑ አዳራሽ በ1950ዎቹ ዓመታት ሲሠራ የበርማው ጠቅላይ ሚኒስትር ኡ ኑ ወደ አዩትያ መጥቶ ለሥራው 200,000 ባህት ሰጠ። ገንዘቡ ከወጪው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚሆን መቍጠር አያስፈልግም፤ ከ190 ዓመት ገደማ በኋላ የአቃጣዮቹ ልጅ የተቃጠለውን ሊያሠራ መምጣቱ ይበቃል።

ከምሳ በኋላ ቢስክሌቱን መልሶ ጀልባ መከራየት ይሻላል። ጀልባው ደሴቲቱን እየዞረ ወደ ደቡብ ሲወርድ፥ በሁለቱ ዳር የውጭ አገር ሰዎች ሠፈር ወደ ነበረበት ይደርሳል። የሲያም ነገሥታት ነጋዴውን ሁሉ በየወገኑ ለየብቻ ቦታ ሰጥተው ያኖሩት ነበር፤ የጃፓን፥ የሆላንድ፥ የፖርቱጋል ሠፈር እየተባለ ዛሬም ይጠራል። ፖርቱጋላውያን በ1511 የመጀመሪያውን መልእክተኛ ላኩ፤ ይኸውም ሌላው መልእክተኛቸው በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር ከመድረሱ ዘጠኝ ዓመት አስቀድሞ ነው። በሠፈራቸው የነበረው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መሠረት በ1984 ተቈፍሮ ወጣ፤ በዙሪያው የተቀበሩት ክርስቲያኖች ዐፅም በቦታው ላይ ቤት ተሠርቶለት ይታያል።

ከዚያ ቀጥሎ በወንዙ ዳር የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን አለ። የዛሬው ሕንፃ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ የተሠራ ነው፤ የፊተኛው በ1767 ተቃጥሏል። ቦታውን ግን የሰጠው ንጉሥ ናራይ ነው። የፈረንሣይ ሚሲዮናውያን በጳጳሱ በላምበር ዴ ላ ሞት መሪነት በ1662 መጥተው ወደ ሌላ አገር ሊያልፉ ሲሉ፥ በዚህ ያገኙትን ነፃነት አይተው ቀሩ፤ ንጉሡም ቦታ ሰጣቸው፤ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤትም አቆሙ። በቤተ መንግሥቱም ከኬፋሎንያ የተወለደ ኮንስታንቲን ፋውልኮን የሚባል ግሪካዊ የንጉሡ አማካሪ ሆኖ ከፍ ብሎ ነበር። ይህ ሰው በግሪኮች ሃይማኖት ተወለደ፤ ከእንግሊዞች ጋር ሲሠራ የእንግሊዞችን ሃይማኖት ያዘ፤ በ1682 ደግሞ ካቶሊክ ሆነ። የፈረንሣይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1685 መልእክተኛ ልኮ ናራይ ክርስቲያን እንዲሆን አስጠየቀው። ናራይም፥ ፈረንሣዮች ራሳቸው እንደ ጻፉት፥ እግዚአብሔር ዛፉንና እንስሳውን በልዩ ልዩ መልክ እንደ ፈጠረ ሰዎችም በልዩ ልዩ ሥርዓት እንዲያመልኩት ወድዶ ይሆናል ሲል በትሕትና መለሰ፤ ሃይማኖቱንም አልለወጠም። በ1686 የእርሱ መልእክተኛ ኮሳ ፓን በቬርሳይ ቤተ መንግሥት በታላቅ ክብር ተቀበሉት።

መልእክተኛ ብቻ ቢላላኩ ወዳጅነቱ ይቆይ ነበር። ነገር ግን በ1687 ከመልእክተኞቹ ጋር የፈረንሣይ ወታደሮች መጥተው በባንኮክ ምሽግ ሰፈሩ። መኳንንቱና መነኮሳቱ መንግሥታቸውም ሃይማኖታቸውም ሊወሰድ ነው ብለው ተነሡ፤ በ1688 ናራይ ታሞ ሳለ የዝሆኖቹ ጦር አለቃ ፔትራቻ ሥልጣኑን ያዘ፥ ፋውልኮንን አስገደለ፥ ወታደሮቹንም አስወጣ። በዚህ ሁሉ ጥፋት የሌለባቸው የአገሩ ክርስቲያኖች ታሠሩ፤ ጳጳሱ ላኖም ከእነርሱ ጋር ታሠረ። የሱስንዮስን ዘመንና በ1632 የሆነውን የሚያውቅ አንባቢ፥ የወንጌል ሰባኪ ከወታደር ጋር ሲመጣ ሕዝብ እንዴት እንደሚቀበለው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ደግነቱ ፔትራቻ ቂሙን አላስረዘመም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እስረኞቹ ተፈቱ፤ ክርስቲያኖቹም በናራይ ቦታ ላይ እስከ ዛሬ ይቀድሱበታል።

ከቅዱስ ዮሴፍ ጀልባው ጥቂት ወደ ላይ ሲወጣ በወንዙ ምዕራብ ዳር ዋት ቻይዋታናራም ይታያል። በ1630 ንጉሥ ፕራሳት ቶንግ አሠራው፤ የመካከሉ ግንብ 35 ሜትር ቁመት አለው። ይህን ለማታ ማቆየት የሚሻለው ፀሐይ ከበስተ ኋላው ስለምትጠልቅ ነው። በዙሪያው ባለው ሰቀላ 120 የተቀመጡ ምስሎች ነበሩ፤ ዛሬ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አንገት አልባ ናቸው። መንገደኛው ጠዋት ቢመጣ ኖሮ ይህንንም በበርማውያን ላይ ያሳብብ ነበር። ነገር ግን ከተማዪቱ ጠፍ ከሆነች በኋላ ብዙ ዘመን ራስ እየቈረጡ ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የሚሸጡ ሰዎች በየፍርስራሹ ይመላለሱ ነበር፤ ራሱ ለመሸከም ይቀላል፥ በገበያም ዋጋ አለው። መንግሥት ቦታውን በ1976 የታሪክ ክልል አድርጎ ጠባቂ አቆመለት፤ በ1991ም በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ።

ስርቆቱ ሲጋረድ ግን ያ የቀድሞው ጠባቂ መጣ። በ2011 ወንዙ ሞልቶ ግቢውን ዋጠው፤ ምስሎቹም በውሃ ተከበው ሰነበቱ። ከዚያ ወዲህ ዝናሙ በበረታ ቍጥር ሠራተኞች በወንዙ ዳር መከላከያ ግድግዳ ያቆማሉ፤ በመስከረምና በጥቅምት ወራት የሚመጣ ሰው ቤተ መቅደሱን የሚያየው ከዚያ ግድግዳ በስተ ጀርባ ነው። ጀልባውም መንገደኛውን ከምሽቱ ባቡር በፊት ወደ ጣቢያው መሻገሪያ ይመልሰዋል።